ኪቦርዱ ጭጭ ሲል ለመጣል አትቸኩሉ

አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ኪቦርድ ድንገት ጭጭ ሲል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ኪቦርዱን ይጥላል፣ ወይ ኮምፒውተሩን ፎርማት ያስደርጋል። ሁለቱም ያበሳጩኛል። የመጀመሪያው ደህና ዕቃ ያስጥላል። ሁለተኛው ግን ይብሳል። ለዓመታት የተጠራቀመ ፎቶና ፋይል ሳይገለበጥ ይጠፋል፣ ከዚያ ዊንዶውስ አዲስ ተጭኖ ሲከፈት ኪቦርዱ አሁንም አይሰራም፣ ምክንያቱም ችግሩ መጀመሪያውኑ ዊንዶውስ ውስጥ አልነበረም። ይሄን ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ በደንብ ልጻፍበት።

ከጣታችሁ ተነስቶ ፊደሉ ስክሪን ላይ እስኪታይ ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ቁልፉ አለ፣ ከቁልፉ ስር ያለው ፕላስቲክ አለ፣ ትንሿ ቺፕ አለች፣ ከዚያ ኬብሉ፣ መሰኪያው፣ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ)፣ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም)፣ ዊንዶውስ፣ በመጨረሻም የከፈታችሁት ፕሮግራም። የትኛውም ጋ ይቋረጥ፣ እናንተ የምታዩት ያው ነው። ትጫናላችሁ፣ ምንም አይመጣም። ስለዚህ "ኪቦርዱ ተበላሽቷል" ሲባል ገና ምንም አልታወቀም ማለት ነው። መታወቅ ያለበት የት ጋ እንደተቋረጠ ነው። ይሄን ለማወቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ መፍቻ እንኳን አያስፈልግም።

መጀመሪያ ካፕስ ሎክን ተጫኑና መብራቷን እዩ። ይቺ ትንሽ መብራት የምትነግራችሁን ነገር ብዙ ሰው አያውቅም። መብራቷን ኪቦርዱ ራሱ የሚያበራት ይመስላል፣ ግን አይደለም። ኪቦርዱ ካፕስ ሎክ መጫኑን ለኮምፒውተሩ ይልካል፣ ኮምፒውተሩ ይቀበልና መብራቷን አብራ ብሎ መልሶ ያዘዋል። መልእክቱ ሄዶ ተመልሷል ማለት ነው። ስለዚህ በተጫናችሁ ቁጥር መብራቷ እየበራች እየጠፋች ከሆነ ኬብሉ ደህና ነው፣ መሰኪያው ደህና ነው፣ ኪቦርዱ ውስጥ ያለችው ቺፕም ደህና ናት። እንዲህ ሆኖ ፊደል የማይጻፍ ከሆነ ችግሩን ሶፍትዌር ውስጥ ፈልጉት፣ ወይም ደግሞ የተበላሹት የተወሰኑ ቁልፎች ብቻ ናቸው።

መብራቷ ካልበራችስ? አሁንም አትቸኩሉ። ካፕስ ሎክን ሁለት ሦስት ሰከንድ ያህል ረዘም አድርጋችሁ ያዙት። ያኔ ከበራች ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ፣ በጣም ቀላል ነው። ማውዙም እየሄደ እንደሆነ እዩ። ማውዙም ደርቆ ከቆመ፣ ታች ጥግ ያለው ሰዓትም ካልቀየረ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ሀንግ አድርጓል፣ ኪቦርዱ ጋ ምንም ጥፋት የለም። ያለ ኬብል የሚሰራ ኪቦርድ ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ ይህ መብራት የላቸውም። እነሱ ላይ መጀመሪያ ባትሪውን ቀይሩ፣ ቀጥሎ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካዋን ትንሽ መቀበያ ነቅላችሁ ወደ ሌላ ፖርት አዛውሯት።

ሁለተኛው ማየት ያለባችሁ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያለውን ጊዜ ነው። አጥፉትና እንደገና ስታበሩት ዓይናችሁን ከኪቦርዱ ላይ አትንቀሉ። ደህና ኪቦርድ ኃይል ሲያገኝ ራሱን ይፈትሻል፣ አብዛኞቹም በዚያን ጊዜ መብራቶቻቸው ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። ብልጭ ካለ ቢያንስ ኤሌክትሪክ እየደረሰው ነው። ከዚያ ዊንዶውስ ሳይጀምር ዲሊት ወይም ኤፍ 2 እየተጫናችሁ ወደ ባዮስ ለመግባት ሞክሩ። የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ገና ሲነሳ ስክሪኑ ላይ ይጻፋል። ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ በቀስቶቹ ወደ ላይ ወደ ታች መሄድ ከቻላችሁ ትልቁን ጥያቄ መለሳችሁት። ኪቦርዱም ማዘርቦርዱም ይሰራሉ፣ ችግሩ ዊንዶውስ ነው። እዚያም ከሞተ ደግሞ ችግሩ ከዊንዶውስ በፊት ነው ያለው፣ ፎርማት ማድረግ ምንም አይጠቅምም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በአሮጌ ማዘርቦርዶች ባዮስ ውስጥ ዩኤስቢ ሌጋሲ ሰፖርት የሚባል ምርጫ አለ። ይሄ ከተዘጋ የዩኤስቢ ኪቦርድ ዊንዶውስ እስኪነሳ ድረስ አይሰራም፣ ዊንዶውስ ሲገባ ግን ይነቃል። ባዮስ ውስጥ እምቢ ብሎ ዊንዶውስ ላይ የሚሰራ ኪቦርድ ካላችሁ በአብዛኛው ይሄው ነው። ክብ መሰኪያ ያለውን የፒኤስ/2 ኪቦርድ ከሰው ተውሳችሁ ሰኩ፣ ባዮስ ግቡና መልሳችሁ ክፈቱት።

ይሄ ምርጫ ማንም ሳይነካው እንዴት ይቀየራል ለሚል፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ይይልኝ። ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ናት። ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ ሲነቀል የባዮሱን ምርጫዎችና ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት። ስታልቅ ምርጫው ሁሉ ፋብሪካው ወዳስቀመጠው ይመለሳል፣ በአንዳንድ አሮጌ ቦርዶች ላይ ደግሞ ያ ማለት የዩኤስቢ ኪቦርድ ተዘግቷል ማለት ነው። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል እንደሚባለው ባትሪ አልቆ ኪቦርድ ይጠረጠራል። ምልክቱ ቀኑ ነው። ኮምፒውተሩን ነቅላችሁ አሳድራችሁ ስታበሩት ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ከሄደ ባትሪዋን ቀይሩ። ስትቀይሩ የኤሌክትሪክ ገመዱ መነቀሉን አረጋግጡ፣ ጽሑፍ ያለበትና የመደመር ምልክት የተጻፈበት ጎን ወደ ላይ ይሁን።

አሁን ወደ መሰኪያዎቹ። አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ ክብ የሆነ፣ ሐምራዊና አረንጓዴ ቀለም ያለው መሰኪያ ታገኛላችሁ። ፒኤስ/2 ይባላል፣ አይቢኤም በ1987 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው ኮምፒውተሮች ጋር የመጣ ነው። ሐምራዊው የኪቦርድ፣ አረንጓዴው የማውዝ ነው። ሁለቱ በቅርጽ አንድ ስለሆኑ ጠረጴዛ ስር ጎንበስ ብሎ በጨለማ የሚሰካ ሰው በቀላሉ ያቀያይራቸዋል፣ አብዛኞቹ አሮጌ ቦርዶች ላይ ደግሞ ኪቦርዱ አረንጓዴው ውስጥ ከገባ አይሰራም። ኋላ ላይ በወጡ ቦርዶች ግማሹ ሐምራዊ ግማሹ አረንጓዴ የሆነ አንድ መሰኪያ ብቻ ካያችሁ እሱ ሁለቱንም ይቀበላል።

ስለ ክቡ መሰኪያ ልብ በሉልኝ የምለው ነገር፣ ኮምፒውተሩ በርቶ እያለ አትንቀሉት፣ አትሰኩትም። ዩኤስቢ ለዚያ ተብሎ የተሰራ ነው፣ ይሄኛው አይደለም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኪቦርዱን ካላገኘው፣ በኋላ ብትሰኩት ብዙ ጊዜ አያውቀውም፣ ሰክታችሁ እስክትበሳጩ ብትጫኑ ምንም አይመጣም፣ እንደገና ስታስነሱት ግን ይሰራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ በርቶ እያለ ሲሰካ ሾርት አድርጎ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን የዚያን መሰኪያ ፊውዝ ሊያቃጥላት መቻሉ ነው። ያኔ ምንም ኪቦርድ ብትሰኩበት መብራቱ እንኳን ብልጭ አይልም።

ካጠፋችሁት በኋላ ነቅላችሁ ጫፉን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩት። ክቡ ብረት ውስጥ 6 ቀጫጭን መርፌዎች አሉ፣ መሃላቸው ደግሞ አራት ማዕዘን የሆነ የፕላስቲክ ምላስ አለ። ከስድስቱ የሚሰሩት 4 ናቸው። አንዱ ዳታ፣ አንዱ ክሎክ፣ አንዱ ባለ 5 ቮልት ኃይል፣ አንዱ ግራውንድ። ምላሱ ከቀዳዳው ጋር ሳይገጥም በጉልበት የተገፋ መሰኪያ ላይ አንዷ መርፌ ወደ ጎን ጋደም ብላ፣ አንዳንዴም ጠርዙን ተደግፋ ታገኟታላችሁ። ይቺ አንድ መርፌ ናት ኪቦርዱን "የገደለችው"። በቀጭን ወረንጦ ወይም ሊድ በሌለው የመካኒካል እርሳስ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ አቅኗት። አንዴ ነው የምትቀናው፣ ወዲያ ወዲህ ካደረጋችኋት ትሰበራለች። ስትመልሱት ኬብሉ ላይ ያለውን ቀስት ወይም ጠፍጣፋ ምልክት ከቀዳዳው ጋር አስተያዩ፣ ሳይገጥም አትግፉ።

ሲነሳ ስክሪኑ ላይ የኪቦርድ ኤረር የሚል ጽሑፍ መጥቶ ለመቀጠል ኤፍ 1 ተጫኑ የሚላችሁ ከሆነ ሁለት ትርጉም አለው። ወይ ኮምፒውተሩ ኪቦርድ ጭራሽ አላገኘም፣ ወይ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ቀርቷል። ሁለተኛው ከምታስቡት በላይ ያጋጥማል። የደብተር ጠርዝ ስፔስ ባሩ ላይ ተኝቶ፣ ወይ ከቁልፍ ስር ፍርፋሪ ገብቶ። በተለይ ኮንትሮል ወይም አልት ተጣብቆ ከቀረ ዊንዶውስ ውስጥ ሌላው ቁልፍ ሁሉ የሞተ ይመስላል፣ ፊደል ስትጫኑ የሚሆነው ሌላ ነገር ነው፣ መስኮት ይከፈታል፣ ሜኑ ይመጣል። እንዲህ ካያችሁ በግራም በቀኝም ያሉትን ኮንትሮል፣ አልትና ሺፍት አንድ በአንድ ጫን ለቀቅ አድርጓቸው።

ዩኤስቢ ከሆነ ነገሩ ቀለል ይላል። ከፊት ለፊት ካለው ፖርት ንቀሉና ከኋላ ካሉት አንዱ ላይ ሰኩት። የኋላዎቹ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው፣ የፊቶቹ ግን በኬዙ ውስጥ በሚያልፍ ቀጭን ሽቦ ነው የሚገናኙት፣ ያ ሽቦ ደግሞ ይላላል። አንዱን ፖርት ወደ ብዙ የሚያደርግ የዩኤስቢ ማብዣ ካለ እሱን ከመሃል አውጡ። ዊንዶውስ 7 የምትጭኑ ከሆነ ሰማያዊ የሆነውን የዩኤስቢ 3.0 ፖርት ተዉት፣ ዊንዶውስ 7 የዚያ ድራይቨር (ዊንዶውስ ከዕቃው ጋር እንዲነጋገር የሚያደርገው ፕሮግራም) አብሮት ስለማይመጣ መጫኛው ላይ ኪቦርዱም ማውዙም ጭጭ ይላሉ። ጥቁሩ ላይ ስትሰኩት ይሰራል። ይሄን ባለማወቅ ብቻ ደህና ማዘርቦርድ ተበላሽቷል ሲባል ያሳዝናል።

ደግሞ ይሄን ሞክሩ። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከኋላው ንቀሉ፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ዴስክቶፕ ጠፍቶም ከሶኬት እስካልተነቀለ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ ለማዘርቦርዱ ትንሽ ኃይል መስጠቱን አያቆምም፣ ብዙ ቦርዶች ላይ ዩኤስቢውም ከዚያው ያገኛል። ስለዚህ የተጨናነቀ የዩኤስቢ ኮንትሮለር ማጥፊያውን በመጫን ብቻ አይለቀውም። ገመዱ ተነቅሎ የቀረው ኃይል ሲወጣ ነው ከዜሮ የሚጀምረው።

እስካሁን ያላነሳሁት ቀላሉን ፈተና ነው፣ ማቀያየር። የተጠረጠረውን ኪቦርድ ሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ የሚሰራ ኪቦርድ ደግሞ እዚህ ላይ። ሁለቱንም አድርጉ፣ አንዱን ብቻ አድርጎ መተው ያሳስታል። ኪቦርዱ ሌላ ጋ ከሰራ ንጹሕ ነው። እዚያም ካልሰራ ኬብሉን ኪቦርዱ ውስጥ ከሚገባበት ቦታ ላይ ያዙና ወዲያ ወዲህ አጠፍ አጠፍ እያደረጋችሁ መብራቱን እዩ። ብልጭ ድርግም ካለ ሽቦው እዚያ ጋ ውስጡ ተበጥሷል። የዩኤስቢውን ኪቦርድ ወደ ክቡ መሰኪያ በሚቀይር ትንሽ አዳፕተር የምትሞክሩ ከሆነ ደግሞ አይሰራም ብላችሁ አትፍረዱበት። ያቺ አዳፕተር ሽቦ ከሽቦ ነው የምታገናኘው፣ የምትተረጉመው ነገር የለም፣ ኪቦርዱ ራሱ ሁለቱንም ቋንቋ እንዲያውቅ ሆኖ ካልተሰራ ምንም ልትረዳው አትችልም።

አሁን ዊንዶውስ። ባዮስ ውስጥ ሰርቶ ዊንዶውስ ላይ ከሞተ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፊልተር ኪስ የሚባለውን ነው። ቀኝ ሺፍትን ለ8 ሰከንድ ከያዛችሁት ይከፈት ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ሰው ደግሞ ሳያነበው ኢንተር ይጫናል። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች በጣም የሚጠቅም ነገር ነው፣ ሳይፈለግ የተነኩ ቁልፎችን ያልፋቸዋል። ይሄን የማያውቅ ሰው ላይ ሲከፈት ግን ኪቦርዱ የሞተ ይመስላል፣ ምክንያቱም ቶሎ ቶሎ የሚነካውን ሁሉ አይቀበልም። ካፕስ ሎክን ረዘም አድርጋችሁ ያዙ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። አንድ ፊደል ለትንሽ ሰከንድ ይዛችሁት ከተጻፈ አገኛችሁት። በማውዝ ኮንትሮል ፓነል ግቡ፣ ኢዝ ኦፍ አክሰስ ውስጥ የኪቦርዱን ክፈቱ፣ ፊልተር ኪስን አጥፉ። አዲስ ነገር አይገዛም፣ ቴክኒሻን አይጠራም። እዚያው እያላችሁ ቀኝ ሺፍትን በመያዝ የሚከፈትበትንም ምርጫ አንሱት፣ እንዳይመለስባችሁ።

ፓስወርድ ማስገቢያው ላይ ተይዛችሁ ከሆነ እዚያም መውጫ አለ። መግቢያው ገጽ ጥግ ላይ የኢዝ ኦፍ አክሰስ ምልክት አለች፣ በማውዝ ስትነኳት ስክሪን ላይ የሚወጣውን ኪቦርድ ትሰጣችኋለች። ፊደሉን እየነካችሁ ፓስወርዳችሁን አስገቡ። ያዘግማል፣ ግን ያስገባል። እዚህ ከደረሳችሁ እባካችሁ ሌላ ነገር ከመነካካታችሁ በፊት አስፈላጊ ፋይላችሁን ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ለመገልበጥ ማውዝ ይበቃል።

ዊንዶውስ 8 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት ላይ ሸት ዳውን ብላችሁ መልሳችሁ ብታበሩት ችግሩ አብሮ ሊመለስ ይችላል፣ ፋስት ስታርታፕ የሚባለው ነገር የውስጡን ክፍል አስቀምጦት መልሶ ስለሚያነሳው። ሪስታርት በሉት፣ እሱ ነው በትክክል ከመጀመሪያ የሚያስነሳው። ካልሆነ የኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚዘረዘሩበትን ዲቫይስ ማኔጀር ክፈቱ፣ ኪቦርድ የሚለው ስር ቢጫ ምልክት ካለ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ አንኢንስቶል አድርጉትና ሪስታርት። ሲነሳ ራሱ መልሶ ይጭነዋል። ኮድ 19 የሚል ስህተት ካሳያችሁ ሬጅስትሪ (ዊንዶውስ ምርጫዎቹን የሚያስቀምጥበት መዝገብ) ውስጥ የኪቦርዱ ክፍል ተነክቷል። ብዙ ጊዜ የቁልፎችን ቦታ የሚቀይር ወይም የሚጻፈውን የሚቀዳ ፕሮግራም ራሱን በኪቦርዱና በዊንዶውስ መሃል አስገብቶ፣ ሲወገድ ደግሞ ስሙን ትቶ ሄዶ ነው። እዚህ ጋ ኪቦርዱ ከመሞቱ በፊት ወደነበረበት ቀን ሲስተም ሪስቶር ማድረግ ሬጅስትሪውን በእጅ ከመጎርጎር ይሻላል።

አንድ ሁለት ቁልፍ ብቻ የሞቱ ከሆነ፣ ወይም ተራ በተራ ሳይሆን እዚህም እዚያም ያሉ ፊደሎች አብረው ከጠፉ፣ ችግሩ ውስጥ ነው። ይሄን ክፍል በጣም እወደዋለሁ። ኪቦርዱን ነቅላችሁ ገልብጡት፣ ብሎኖቹን ፍቱ። አንዷ ብሎን ጀርባው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ስር ተደብቃ ልትሆን ትችላለች፣ በጣት ዳበስ ስታደርጉት ጎድጎድ ይላል። ሲከፈት ለስላሳ የጎማ ጉብታዎች ታያላችሁ፣ ከነሱ ስር ደግሞ ሦስት የተደራረቡ ስስ ፕላስቲኮች አሉ። ላይኛውና ታችኛው ላይ የብር ቀለም ያላቸው መስመሮች ተስለዋል፣ መሃለኛው ቀዳዳ ቀዳዳ ብቻ ነው፣ የሚለያያቸው እሱ ነው። ቁልፍ ስትጫኑ ላይኛው በቀዳዳው በኩል ታችኛውን ይነካል፣ በቃ፣ ፊደል ማለት ይሄው ነው። አንዱ መስመር ብዙ ቁልፎችን አያይዞ ስለሚሄድ መስመሩ አንድ ቦታ ከተበላ በሱ ላይ ያሉት ሁሉ ይጠፋሉ፣ ኪቦርዱ ላይ ጎን ለጎን ባይሆኑም።

ቡና ወይም ለስላሳ የፈሰሰበት ከሆነ መስመሩ ጠቁሮ ታገኙታላችሁ፣ ፕላስቲኮቹም ይጣበቃሉ። ቀስ ብላችሁ ለያዩአቸው። በአይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፣ አትፈትጉ፣ የብሩ መስመር በቀላሉ ይለቃል። ጫፉ ላይ ፕላስቲኩ ከቺፑ ሰሌዳ ጋር የሚነካካበትን ቦታም ጥረጉ፣ ብዙ ኪቦርዶች ላይ እዚያ ጋ ብየዳ የለም፣ በብሎን ተጭኖ ነው የሚያዘው፣ ብሎኗ ስትላላ ኪቦርዱ በሙሉ ይጠፋል። ሁሉም በደንብ ሳይደርቅ አትግጠሙት። ፈሳሹ አሁን የፈሰሰ ከሆነ ደግሞ ወዲያው ንቀሉ፣ ገልብጡና አንጠፍጥፉት፣ በፀጉር ማድረቂያ ሙቀት ግን አታቃጥሉት፣ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል።

ይሄን ሁሉ አልፋችሁ ክቡ መሰኪያ ራሱ ሞቶ ከሆነ ዩኤስቢ ኪቦርድ ሰክታችሁ ኑሩበት፣ ማዘርቦርድ አይቀየርም። የቦርዱ ዩኤስቢም እየደከመ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ፒሲአይ በሚባለው የካርድ ቀዳዳ ላይ የሚገባ የዩኤስቢ ካርድ አለ። ብዙ አሮጌ ባዮሶች ግን ካርዱ ላይ የተሰካውን ኪቦርድ ዊንዶውስ እስኪነሳ አያዩትም፣ ስለዚህ የቦርዱ ፖርት ገና አልፎ አልፎም ቢሆን እየሰራ ሳለ ባዮስ ግቡና ኪቦርድ ባያገኝም ሳይቆም እንዲያልፍ የሚያደርገውን ምርጫ አስተካክሉ። አለዚያ ካርዱ ከገባ በኋላ በየጊዜው ኤፍ 1 ተጫኑ የሚለው ጽሑፍ ላይ ይቆምባችኋል።